አውስትራሊያ የተሸነፈችበትን ጦርነት ለምን ልደቴ ነው ትላለች?

ጥያቄው ሜልበርን ከምትኖር አንዲት እናት የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ለአንዛክ ቀን ትምህርት ቤት ግጥም እንዲያነብ ተመርጧል። መምህሩ አውስትራሊያ እንደ አገር የተወለደችው ጋሊፖሊ ላይ ነው ብሎ አስተምሯቸዋል። ልጄ ቤት መጥቶ ‹እማዬ፣ ተሸንፈው ነው እንዴ የተወለዱት? እኛ እኮ አድዋን የምናከብረው ስላሸነፍን ነው› አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ነፃነታቸውን ያገኙት በዚህ ጦርነት ነው? እኛስ በዓሉ ላይ መሄድ አለብን?»

እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀው ተራ ጥያቄ አይደለም። የዚህ አገር የታሪክ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት የሚከራከሩት በዚሁ ጉዳይ ነው። እኔም ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ ይህ ሰሞን ሲደርስ የሐበሻ ልጆች ይህንኑ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። የጋሊፖሊው ውጊያ የተካሄደበት አንደኛው የዓለም ጦርነት ነፃነት አልሰጣቸውም። ጦርነቱ ሲያልቅ አውስትራሊያ በሕግ ከነበረችበት ብዙም ፈቀቅ አላለችም። የሰጣቸው የጋራ ሐዘን ነው። ያ ሐዘን ነው ከስድስት ቅኝ ግዛቶች የመጣውን ሰው «እኛ» ያሰኘው። ደግሞ ያው ጦርነት እርስ በርስ ክፉኛ አቃቅሯቸዋል። ይህን ግን በበዓሉ ቀን ብዙ አትሰሚውም።

ከመነሻው ልጀምር። አውስትራሊያ አንድ አገር የሆነችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1901 ነው። ስድስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተነጋግረው፣ ሕዝባቸው በድምፅ አጽድቆ፣ የለንደን ፓርላማ ሕግ አውጥቶላቸው ተዋሃዱ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። እኔ ይህን ትልቅ ነገር ነው እላለሁ፤ በዚያ ዘመን የነበረው ሰው ግን እንደ ጉድለት ነበር የሚያየው። አገር በደም ካልተፈተነ አገር አይባልም የሚል አስተሳሰብ ያኔ በየቦታው ነበር። አዲሱ ፓርላማ ሥራ የጀመረው እዚሁ ሜልበርን ውስጥ ነው፤ ካንቤራ ገና አልተሠራችም። የውጭ ጉዳይ ግን በለንደን እጅ ነበር። ሰዉም ከየት ነህ ሲባል ራሱን እንደ እንግሊዛዊ ነበር የሚቆጥረው።

ኦገስት 4 ቀን 1914 እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ አውስትራሊያን የጠየቃት የለም። ንጉሡ ጦርነት ከገባ እሷም ገባች ማለት ነበር፤ በቃ። በዚያ ሰሞን የምርጫ ቅስቀሳ ነበር። የተቃዋሚው መሪ አንድሩ ፊሸር እንግሊዝን «እስከ መጨረሻው ሰውና እስከ መጨረሻዋ ሽልንግ» እንደግፋለን አለ። በሚቀጥለው ወር ምርጫውን አሸንፎ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ለልጅሽ ልዩነቱን እዚህ ጋ አሳዪው። አፄ ምኒልክ ወደ አድዋ ሲዘምቱ ክተቱን ያወጁት ራሳቸው ናቸው። የሚከላከሉትም የገዛ አገራቸውን ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያን ቀድሞ የነበረ ነፃነት አስጠበቀልን። የአውስትራሊያ ልጆች ግን በሌላ ሰው ክተት፣ የሌላ ሰው አገር ሄደው ነው የተዋጉት።

የሄዱበት አገር ቱርክ ነው። እቅዱ የዳርዳኔልስን የባሕር መተላለፊያ ይዞ የኦቶማንን መንግሥት ከጦርነቱ ማስወጣትና ወደ ሩሲያ መንገድ መክፈት ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን 1915 (በእኛ ሚያዝያ 17) ሊነጋጋ ሲል የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጦር ጋሊፖሊ ላይ ወረደ። አንዛክ የሚለው ስም የዚህ ጦር ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ ከቃላቱ የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው። የወረዱበት ጠባብ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ከፊታቸው ገደል፣ ከገደሉ በላይ ምሽግ የያዙ ቱርኮች። ስምንት ወር እዚያው ተጣብቀው ቀሩ። ዲሴምበር ላይ በሌሊት ሹልክ ብለው ወጡ። ከሁሉ በተሻለ የተሳካላቸው ነገር አወጣጣቸው ነበር። ከ8,000 በላይ አውስትራሊያውያንና ከ2,700 በላይ ኒውዚላንዳውያን እዚያ ቀሩ። ከኦቶማን ወገን የሞተው ደግሞ ከ80,000 በላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ልጅሽ የአድዋን ጓደኛ ከፈለገ የሚያገኘው በወዲያኛው ምሽግ ነው። አገሩን ከወራሪ የተከላከለውና ያሸነፈው ቱርኩ ነው። የሙስጠፋ ከማል ስም የገነነው በዚያ ውጊያ ነው፤ በ1923 የቱርክን ሪፐብሊክ የመሠረተውም እሱ ነው።

ታዲያ ሽንፈቱ እንዴት ልደት ሆነ? አንደኛው ምክንያት ወሬው ነው። ከወረዱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሜይ 8 ላይ የአንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ዘገባ በአውስትራሊያ ጋዜጦች ታተመ። ጀግንነታቸውን አወድሶ ነበር የጻፈው። አስቢው እስቲ፣ ገና 14 ዓመት የሆናት አገር «ልጆችሽ ከማንም አያንሱም» ስትባል። ያውም ከለንደን ሰው አፍ። አገሩ በኩራት ተነሣ፤ በጁላይ ብቻ ከ36,000 በላይ ሰው ተመዘገበ።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ሞቱ ነው። እልቂቱ ከጋሊፖሊ በኋላ ነው የባሰው። ጦሩ ወደ ፈረንሳይና ቤልጂግ ሄደ። ጁላይ 1916 ፍሮሜል በምትባል መንደር አጠገብ በአንድ ሌሊት ውጊያ 5,533 አውስትራሊያውያን ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ተማረኩ። በአንድ ሌሊት! ጦርነቱ ሲያልቅ የሟቾቹ ቁጥር ከ60,000 በላይ ሆኗል። አገሩ ያኔ አምስት ሚሊዮን ሰው እንኳ አይሞላም። ለመዝመት የተመዘገበው ወደ 417,000 ነው፤ ከ18 እስከ 44 ዓመት ካለ 100 ወንድ 38 ያህሉ ማለት ነው። ያልተነካ ቤት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን የምነግርሽን እኛ ሐበሾች ከማንም ይልቅ የምንረዳው ይመስለኛል። መርዶውን የሚነግረው ቄስ ነበር። የሞት ቴሌግራም የሚላከው ለአካባቢው ቄስ ነው፤ እሱ በር አንኳኩቶ ያረዳል። ልጇን የላከች እናት ቄስ ወደ በሯ ሲመጣ ስታይ ጉልበቷ ይከዳት ነበር። ከዚያስ? ሬሳ የለም። የሞተ ሁሉ በሞተበት ይቀበር የሚል ውሳኔ ስለነበር አስከሬን ወደ አገር አይመለስም። በጦርነቱ ዘመን ወደ አውስትራሊያ የተመለሰው የአንድ ጄኔራል አስከሬን ብቻ ነው። ፈረንሳይ ሄዶ መቃብር ለማየት ደግሞ የወራት የመርከብ ጉዞና ተራ ሰው የማይደፍረው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ሬሳ ያልተገኘለት ልቅሶ እንዴት እንደማያልቅ እኛ በየቤታችን አይተነዋል። አንድ ቀን በሩን ይከፍት ይሆናል የሚል ነገር በልብ ይቀራል።

ስለዚህ በየሰፈሩ የሚያለቅሱበት ቦታ ሠሩ። ወደ ገጠር ስትወጡ በየትንሿ ከተማ መሐል የምታይው የድንጋይ ሐውልት ያ ነው። ጠጋ ብለሽ ስሞቹን አንብቢ። ከአሥር ቤት የማትበልጥ መንደር ላይ የአንድ ቤተሰብ ሦስት ወንድማማች ስም ታገኛለሽ። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ታያለሽ፦ ብዙዎቹ ሐውልቶች ላይ የሞተው ብቻ ሳይሆን በሕይወት የተመለሰውም ስም አለ። ይህ ለምን ሆነ ብትይ ሁሉም በፈቃዱ የዘመተ ስለሆነ ነው። መሄዱ ራሱ ክብር ነው። ግን አስቢው፤ ስሙ የሌለበት የሰፈር ሰው በየቀኑ በዚያ ሐውልት አጠገብ ነው የሚያልፈው። ድንጋዩ ማን እንደሄደ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረም ይናገር ነበር።

የመጀመሪያው የአንዛክ ቀን የታሰበው በዓመቱ በ1916 ነው። ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። በ1920ዎቹ ሁሉም ክፍለ ግዛቶች የሕዝብ በዓል አደረጉት። ለልጅሽ እንዲህ በይው፦ ስሙ በዓል ይሁን እንጂ መንፈሱ ሙት ዓመት ነው። ሰው የሚሰበሰበው ሳይነጋ ነው፤ ጡሩምባ ይነፋል፣ ዝም ይባላል፣ አበባ ይቀመጣል። ከየካቲት 23 ይልቅ ወደ የካቲት 12 ይቀርባል። እኛም ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ቆመን የምናስበው ያሸነፍንበትን ቀን አይደለም። እርግጥ የካቲት 12 የተጨፈጨፈው ቤቱ የተቀመጠ ሰላማዊ ሰው ነው፤ እነዚህ ደግሞ ባሕር ተሻግረው የሄዱ ወታደሮች ናቸው። አንድ አይደሉም። ግን ሐዘን አገርን አንድ ላይ እንደሚያቆም ለማስረዳት ልጁ ከሚያውቀው መነሳት ይሻላል።

አሁን ወደ መራራው ክፍል ልምጣ። በ1916 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሊ ሂዩዝ ነበር። ከፈረንሳይ የሚመጣው የሞት ቁጥር ሲበዛ በፈቃዱ የሚመዘገበው ሰው ቀነሰ። ሂዩዝ በግዳጅ እንመልምል አለ። የገዛ ፓርቲው ሌበር ብዙው ስላልደገፈው ለሕዝብ ድምፅ አቀረበው። ኦክቶበር 28 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፦ 1,087,557 ሰው ይሁን፣ 1,160,033 ሰው አይሆንም አለ። ግንባር ካሉት ወታደሮች እንኳ ከ58,000 በላይ አይሆንም ብለዋል። እኔ ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጭቃው ውስጥ ተቀምጠው፣ ረዳት እየናፈቁ፣ ሳይፈልግ ማንም እዚህ አይምጣ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሂዩዝ ከፓርቲው ተከታዮቹን ይዞ ወጣና ከትናንት ተቃዋሚዎቹ ጋር አዲስ ፓርቲ አቋቋመ። ሌበር እስከ 1929 ድረስ የፌዴራል ሥልጣን አላየም።

በዚህም አልበቃም። ዲሴምበር 1917 ሂዩዝ እንደገና ጠየቀ። ሕዝቡም እንደገና፣ ይበልጥ አስረግጦ፣ አይሆንም አለ። በመካከል አገሩ ታመሰ። ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ ካቶሊክ ነበር፤ አብዛኛው የአይሪሽ ዘር ነው። በ1916 የፋሲካ ሰሞን ደብሊን ላይ ለነፃነት ያመፁትን መሪዎች እንግሊዝ ረሽናለች። ታዲያ አይሪሹ ለዚያች እንግሊዝ ልጁን በግዳጅ ይስጥ? የሜልበርኑ ጳጳስ ዳንኤል ማኒክስ በየአደባባዩ ተቃውሞውን መራ። በአንድ መንገድ የሚኖሩ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ጎረቤታሞች ተኮራረፉ። የወታደር ልብስ ላልለበሰ ወጣት ፈሪ ነህ ለማለት ነጭ ላባ በፖስታ ይላክለት ነበር። በ1917 ከሲድኒ የባቡር ጋራዥ የተነሣው የሥራ ማቆም አድማ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራተኛ አሰለፈ። ኩዊንስላንድ ውስጥ ዎሪክ በምትባል ከተማ ሂዩዝ ላይ እንቁላል ተወረወረ። ወርዋሪውን ያዙልኝ ሲል የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ አልታዘዘውም። ሂዩዝም ጊዜ ሳይፈጅ ለራሱ መንግሥት የሚታዘዝ የፌዴራል ፖሊስ አቋቋመ። የፌዴራሉ የገቢ ግብርም የመጣው በ1915 ለጦርነቱ ወጪ ተብሎ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት በሰዉ ኪስና ደጃፍ የገባው በዚያ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

«እኛ» ሲባል ከውጭ የቀሩም ነበሩ። ለትውልድ የኖሩ የጀርመን ዘሮች ጠላት ተባሉ፤ 7,000 ያህል ሰው በካምፕ ታሰረ። ደቡብ አውስትራሊያ 69 የጀርመንኛ የቦታ ስሞችን ሰርዛ ቀየረች። የአገሩ የመጀመሪያ ባለቤቶች፣ አቦርጂናሎቹ፣ ሕጉ አውሮፓዊ ዝርያ የሌለው አይዘምትም እያለ ከ1,000 በላይ ሆነው ዘምተዋል። ግንባር ላይ እኩል ደመወዝ፣ እኩል ምሽግ ነበራቸው። ሲመለሱ እኩልነቱ ቀረ። ለተመላሽ ወታደሮች የእርሻ መሬት ሲታደል ከጥቂቶች በቀር አልደረሳቸውም። ጭራሽ ከሚኖሩበት ክልል ላይ ተቆርሶ ለነጭ ወታደር የተሰጠበት ቦታ አለ። ልጅሽ ግጥሙን ሲያነብ እነሱንም እንዲያስብ ንገሪው።

ወደ ነፃነቱ ልመለስ። በ1919 ፓሪስ ላይ የሰላሙ ጉባኤ ሲቀመጥ ሂዩዝ አገሩ ከእንግሊዝ ጀርባ ሳይሆን በራሷ ወንበር እንድትቀመጥ ታገለ፤ አገኘም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሲሞግተው «እኔ የምናገረው ስለ 60,000 ሙታን ነው» አለው። የቬርሳይን ስምምነት አውስትራሊያ በራሷ ተወካዮች ፈረመች፤ የመንግሥታቱ ማኅበር አባልም ሆነች። በዓለም ፊት አገር ተብላ የተቆጠረችው ያኔ ነው። ይህን አልክድም፤ ጦርነቱ ባይኖር ያ ወንበር በዚያ ፍጥነት አይገኝም ነበር።

ግን በወንበሩ ምን ሠራችበት? ጃፓን በማኅበሩ መተዳደሪያ ላይ የዘር እኩልነት ይጻፍ ስትል አብዛኛው ተወካይ ደገፈ። አጥብቆ የተቃወመው ሂዩዝ ነበር። ዊልሰንም በሙሉ ድምፅ ካልሆነ አያልፍም ብሎ ዘጋው። ሂዩዝ የፈራው የነጮች ብቻ አውስትራሊያ የሚባለው ፖሊሲ እንዳይነካ ነው። ከ1901 ጀምሮ ነጭ ያልሆነ ሰው ወደብ ላይ ሲደርስ በማያውቀው የአውሮፓ ቋንቋ ቃል ጽሑፍ ጻፍ ይባልና ወድቀሃል ተብሎ ይመለስ ነበር። ፖሊሲው ጨርሶ የተነሣው በ1973 ነው። አንቺም እኔም እዚህ የምንኖረው እሱ ስለተሻረ ነው፤ የእኛ ሰዎች በስደት መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። ከጀርመን የተወሰደው የኒው ጊኒ ክፍልም ለአውስትራሊያ ተሰጣት። ከእንግሊዝ ጥላ ገና ሳትወጣ ራሷ የሰው አገር ገዢ ሆነች፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነፃ የወጣችው በ1975 ነው።

ሕጉንማ ብታይው ያስገርምሻል። በ1931 እንግሊዝ ራሷ «ከእንግዲህ ሕግ አናወጣላችሁም፣ ራሳችሁን ቻሉ» የሚል ሕግ አወጣች። አውስትራሊያ ተቀብላ ለማጽደቅ 11 ዓመት ፈጀባት። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 ጠቅላይ ሚኒስትር ሜንዚስ በሬዲዮ ቀርቦ እንግሊዝ ጦርነት ስላወጀች አውስትራሊያም ጦርነት ውስጥ ናት አለ፤ ልክ እንደ 1914። ካናዳ እንኳ ሳምንት ቆይታ በራሷ ፓርላማ ነው ያወጀችው። ጋሊፖሊ አገር ወልዶ ከሆነ ያ አገር ከ24 ዓመት በኋላም በእናቱ አፍ ነበር የሚናገረው።

ዓይኑን የገለጠለት ሁለተኛው ጦርነት ነው። ፌብሩዋሪ 1942 እንግሊዝ አይደፈርም ያለችው ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ወደቀ። ወደ 15,000 አውስትራሊያውያን ተማረኩ። ጠላት ደጃፍ ደረሰ፣ እንግሊዝ ግን ልትደርስ አልቻለችም። ያን የ1931 ሕግ የተቀበሉት በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። የአውስትራሊያ ዜግነት የሚባል ነገር በሕግ የመጣው በ1949 ነው፤ ጋሊፖሊ የሞቱት ልጆች በሕግ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢዎች ነበሩ። ከእንግሊዝ ጋር የቀሩት የመጨረሻ የሕግ ክሮች የተበጠሱት ደግሞ በ1986 ነው። እኔና አንቺ በዕድሜ የምንደርስበት ዘመን ነው እኮ።

ስለዚህ መምህሩ ዋሽቷል አትበይው። መምህሩ የሚናገረው ስለ ስሜት ነው፤ ያ ስሜት እውነተኛ ነው፣ ሰው ሞቶበታል። ነፃነቱ ግን ዘግይቶ፣ በወረቀት፣ ደረጃ በደረጃ መጣ።

መሄዱን በተመለከተ፣ ሂዱ። ግጥሙንም ያንብብ። ልቅሶ ቤት ለመድረስ ዘመድ መሆን አያስፈልግም። ሳይነጋ ሂዱና መታሰቢያ አዳራሹ ጋ ቁሙ፤ በ1934 የተከፈተው ማለቴ ነው። ሰዉ ቀለል ሲል ወደ ውስጥ አስገቢው። መዝገቦች አሉ፤ ከቪክቶሪያ የዘመቱ ከ89,000 በላይ ሰዎች ስም በውስጣቸው ተጽፏል። መሐል ወለሉ ላይ ያለውን ድንጋይ አሳዪው፤ «ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም» የሚለው የዮሐንስ ወንጌል ቃል በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል። ጦርነቱ ያበቃበት ቀን፣ ኖቬምበር 11፣ ረፋድ ላይ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ጨረር «ፍቅር» የሚለው ቃል ላይ እንዲያርፍ አድርገው ነው የሠሩት። ለዚያ ቀን ደግሞ ሌላ ጊዜ ትመለሳላችሁ። አሁን ግን ወፍራም ልብስ አልብሺው፤ በዚያ ሰዓት ሜልበርን ይበርዳል።